ከብረቱ በር ወዲያ

እኔ የድሮ ጌም ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ሰው ሲያናግረኝ ደሜ ይፈላል፤ ከታላቅ እህቴ በቀር። ልጆች ሳለን የሠፈሩን ልጅ ሁሉ በጌም አንበርክካለች። አንዷን ጌምማ ከእሷ ሌላ የጨረሰ አልነበረም። መጨረሻው ላይ የብረት በር መከፈት ሲጀምር ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ ድምፁም እምምም እያለ ይቀራል። ያኔ እኔ በደስታ አልጋ ላይ እዘል ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ዓይኗ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በእጇ ዳብሳ ከምታውቀው ቤት ወጥታ አዲስ ቦታ ረግጣ አታውቅም። ማየት የተሳናቸው የሚሠለጥኑበት ማዕከል ቦታ ይዞላታል፤ ሰኞ ካልሄደች ለሌላ ይሰጣል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። መልሷ አንድ ነው፦ "ያላዩት አገር አይናፍቅም።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቢያንስ ላስደስታት ብዬ የድሮ ማሽናችንን ፈታሁት። ሲዲ የሚያነበው ሌንስ ደክሟል፤ ሲዲያችንም ድመት የቧጨረችው ይመስላል። በስንት ፍለጋ ጭረት የሌለበት የዚያኑ ጌም ሲዲ አግኝቼ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩት፤ ሃርድ ዲስኩን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገጠምኩና ከዚያው እንዲያነብ አደረግኩት። ስከፍተው ያ የሲዲ ጩኸት የለም።

"ሞተ እንዴ?" አለች እህቴ።

"ምን ይሞታል፣ ተነሣ እንጂ! ያዢ" ብዬ ጆይስቲኩን ሰጠኋት።

ብታዩ! ጠላቱን በኮቴው ትለየዋለች። የፏፏቴው ድምፅ ሲቀርብ ትዘላለች። ደረጃውን ቆጥራ ትወርዳለች። ጣቶቿ አንድ ነገር አልረሱም። እኔ በሁለት ዓይኔ ከፏፏቴው አልፌ አላውቅም፤ እጄን በአፌ ጭኜ ቀረሁ።

የብረቱ በር ሲጥ ሲል ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ጨረስኩ! አሁንም እኔው ነኝ።"

ስክሪኑ ግን አልደረቀም። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ከወዲያ ማለቂያ የሌለው ባሕር ተዘረጋ፤ የማዕበሉ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ያጨበጨብነው ለጭረት ነው!

"ብሎኔ" አለች፤ በዚህ ስም የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ባሕር ነው፣ እትዬ። ጌሙ አላለቀም ነበር። ያደርቅብን የነበረው የሲዲው ጭረት ነው።"

ግንባሯን ቋጠረች። ጆይስቲኩን የምትወረውረው መስሎኝ ፈራሁ።

"አንተስ አይተኸው ታውቃለህ?"

"እኔማ በምን አቅሜ!"

ማዕበሉን ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ጣቶቿ ጆይስቲኩን ፈልገው ያዙት።

"እሺ ንገረኝ። መንገዱ በየት ነው?"

"በግራ። ጠባብ ድልድይ አለ፤ ቀስ በይ።"

አንድ እርምጃ ሄደች። ቆመች። ሌላ ጨመረች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ትልቅ ነገር አላየሁም። ድልድዩ መሐል ስትደርስ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?"

"ሁለት ሰዓት" አልኳት፤ ድምፄ ተሰባበረ።

"አታልቅስብኝ" አለች። "ድልድዩ ላይ ነኝ።"