ወተት ዓይን አይወድም

ጥሩሐረግ የዚያን ቀን ጠዋት ከቤቷ የወጣችው በሩጫ ነበር። ያዘለችው ቅል አፉ ድረስ ወተት ሞልቶበታል፤ ተጠንቅቃ መራመድ ሲገባት ልቧ ቀድሟት ሰቆጣ ገበያ ገብቷል። አማቷ እማማ ደብሬ ደጅ ላይ ቆመው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ብለው ጮኹባት። እውነት ነው፤ ፈሶ የማይለቀም ነገር ቢኖር ደግሞ ወተት ነው። ጥሩሐረግ ግን «እሺ እማማ!» እያለች ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ችኮላዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ገበያ ለፋፊው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ከእንግዲህ በከተማው ወተት የሚሸጥ ሁሉ ወተቱን አስመርምሮ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ሳያስመረምር የሸጠም እንደሚቀጣ አውጇል። ይህን ሁሉ ያመጣው ከጎንደር ተመድቦ የመጣው የንጽሕና ተቆጣጣሪ አቶ ማንደፍሮ ነው። ቀጭን፣ ካኪ ለባሽ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነው። ክረምቱን ጤና ጣቢያው ሆዳቸውን በታመሙ ሕፃናት ተጨናንቆ ስለነበር፣ «ግማሹ ጥፋት የተበረዘ ወተት ነው!» ብሎ ከላይ ከታች ሲል ከርሟል።

ለሌላዋ ሻጭ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ለጥሩሐረግ የላሟ ጉዳይ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ታናሽ ወንድሙ በሪሁን ከፃግብጂ በመጣ ቁጥር የሚያነሳው ወሬ አንድ ብቻ ሆኗል። «በኛ ቤት ወተት ይጠጣል፣ ለጎረቤት ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። የወንድሜ ሚስት ወተት ቸርችራ አንገቴን አስደፋችኝ!» ይላል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ተለምኖ፣ በስንት መከራ የተስማማው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «መንግሥት ሥራሽን ሥራ ብሎ ፈቃድ ከሰጠሽ አፌን እዘጋለሁ። ካልሰጠሽ ዳልቻን እየነዳሁ እሄዳለሁ።»

ዳልቻ ያቺ ግራጫ ላም ናት። እሷ ከሄደች ጥሩሐረግና ትንሿ ልጇ ምን በልተው እንደሚያድሩ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ገበያ ስትደርስ ወተት ሻጮቹ ሁሉ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ግን ቅሉን የከፈተ የለም። ሁሉም ቅላቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አቅፈውታል። አቶ ማንደፍሮ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ላቡን ይጠርጋል።

«ክፈቱ እንጂ! ሳላየው እንዴት ልመርምረው?»

ማን ይከፍታል! በዋግ ወተት ዓይን አይወድም። ይታለባል ተሸፍኖ፣ ይወሰዳል ተሸፍኖ፣ ሲሸጥ እንኳ ጓዳ ተገብቶ በነጠላ ሥር ነው የሚገለበጠው። የሰው ዓይን ካረፈበት ላሚቱ ጡቷ ያብጣል፣ ትነጥፋለች፣ ሲብስም ትሞታለች። እንኳን የተሰበሰበ ገበያተኛ፣ የገዛ ጎረቤት እንኳ ወተት ሲገለጥ ፊቱን ያዞራል። ይህን ለጎንደሩ ሰው ማን ያስረዳው? እሱ ደግሞ የመጣበትን አገር ልማድ የረሳ ይመስል «ክፈቱ!» እያለ ይጮኻል።

ጥሩሐረግም ዓይን ትፈራለች፤ ማን የማይፈራ አለ? በሪሁንን ግን የበለጠ ትፈራዋለች። እሱም ከእህል ተራው ጥግ እጁን አጣጥፎ ቆሞ እያያት ነው። «በስመ አብ!» አለችና ወደ ፊት ወጥታ ነጠላዋን ገፈፈች፤ የቅሉን ክዳን አነሳች።

ገበያው «ውይ!» አለ። አንዳንዷ ዓይኗን ሸፈነች፤ ጣቶቿን ከፍታ ማየቷን ግን አልተወችም።

አቶ ማንደፍሮ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ጀግና ናት! እንዲህ ነው እንጂ!» እያለ ወተቱን በረጅም ብርጭቆ ቀዳ። ከዚያ ከሣጥኑ ሆዱ ያበጠ፣ አንገቱ የቀጠነ የመስታወት መለኪያ አወጣ። አንገቱ ላይ ቀይ መስመር አለ። «ያልተበረዘ ወተት ይህን ተሸክሞ ቀዩ ላይ ያቆመዋል፤ ውኃ ከገባበት ግን ይሰምጣል» ብሎ አስረዳ። ሰዉ ተጋፍቶ ከበበው።

መለኪያው ወረደ። ቀዩ ጋ ደረሰ፤ አልቆመም። ቀዩም ጠፋ፣ አንገቱም ጠፋ፣ ጫፉ ብቻ ቀረ።

«ውኃ አለበት» አለ አቶ ማንደፍሮ፣ ድምፁ ወርዶ።

ጥሩሐረግ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ቀጥሎ ፊቷ እሳት ሆነ። ከሰልፉ መካከል አስቻለች የምትባለው አፈኛዋ ሻጭ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብላ ስትለቅባት ገበያው በሳቅ አውካካ። በሪሁን አልሳቀም፤ ከጥጉ ተነስቶ ወደ ጥሩሐረግ መምጣት ጀመረ። ይህ ከሳቁ ሁሉ ባሰባት።

«ጠብታ ውኃ ጨምሬ ከሆነ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ!» ብላ ጮኸች። በአማርኛ ማለችና አልበቃ ቢላት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛም ደገመችው። «ይህ መስታወት ይዋሻል! ወንድ ከሆኑ ጌታው፣ ማታ ቤቴ ይምጡ። ዳልቻን ፊትዎ አልባታለሁ። ያኔም ከሰመጠ በሪሁን ላሟን ይንዳት፤ እኔም ሁለተኛ ወተት ብዬ ገበያ አልወጣም!»

«እመጣለሁ!» አለ አቶ ማንደፍሮ።

«እኔም እመጣለሁ» አለ በሪሁን።

እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ማን ይቀራል? ገበያው ያን ቀን የተፈታው ቶሎ ነው። እህሉን ሳይሸጥ ያሰረ አለ፤ ጨውን ሳይገዛ የተነሳ አለ። ከብት ከግጦሽ ሲገባ የጥሩሐረግ ግቢ በሰው ተሞላ፣ አጥሩም ላይ ሰው ተንጠለጠለ። የሰፈሩ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ሳይቀሩ ጭራቸውን ይዘው መጥተዋል፤ «ለምስክርነት ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እማማ ደብሬ ግን ሊያብዱ ደረሱ። «መንደር ሙሉ ዓይን! ዳልቻዬ ላይ! ልጄን የበላው ዓይን አልበቃ ብሎ!» እያሉ በግቢው ተሽከረከሩ። የበኩር ልጃቸው፣ የጥሩሐረግ ባል፣ የታመመው ዳልቻን በገዛ ሰሞን ነበር። ገበያተኛው ሁሉ «እንዴት ያለች ላም!» እያለ ሲያደንቅ ስለዋለ የሰው ዓይን በላው ብለው ያምናሉ፤ ከዚህ እምነታቸው የሚነቀንቃቸው የለም።

ጥሩሐረግ እጇን ታጠበች። ጥጃዋን አስጠግታ ጥቂት አጠባች፣ ከዚያ የላሟን ጡት አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች። ማለቢያው በወይራ ጢስ የታጠነ ነው፤ አቶ ማንደፍሮ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። ጥሩሐረግ ሁለቱን ጡት አለበች፣ ሁለቱን ለጥጃዋ ተወች። አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሳ።

«አሁን ይቀዝቅዝ። ትኩስ ወተት መለኪያውን ያታልላል» አለ አቶ ማንደፍሮ፤ ማለቢያውንም ክፍቱን ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ሰፊ ሳሕን ውስጥ አቆመው።

ክፍቱን! እማማ ደብሬ ይህን እንዴት ይቻሉት? ወተቱ ራቁቱን ተቀምጧል፣ መንደሩ ሁሉ አፍጥጦበታል። ሽማግሌዋ አንዴ ወተቱን፣ አንዴ ሰዉን እያዩ ተቁነጠነጡ። በመጨረሻ አልቻሉም። ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ቅል መዘዙ፣ እንደ ልጃገረድ ዘለው ደረሱና ያለውን ሁሉ ማለቢያው ውስጥ ገለበጡት።

«እማማ! ምን አደረጉ?» አለች ጥሩሐረግ።

«ምን አደረግሁ? ጠበል ነዋ! ሳትሄጂ በየማለዳው የማደርገውን ነው ያደረግሁት። ያለ ጠበል ይህን ሁሉ ዓይን ማን ይችለዋል?»

በየማለዳው! ጥሩሐረግ ነጠላዋን ስትለብስ፣ ልጇን ስትስም፣ አማቷ ጓዳ ገብተው...

«ተያዘ! ይኸው ውኃው! ተገኘ!» ብሎ በሪሁን እጁን አጨበጨበ።

እማማ ደብሬ ቀስ ብለው ዞሩ። «በሪሁን! ጠበሉን ውኃ አልኸው?»

የበሪሁን እጅ አየር ላይ ቀረ። ነገሩ ጭንቅ ነው፤ ውኃ ነው ያለ ጠበሉን አቃሏል፣ ውኃ አይደለም ያለ መስታወቱ ይመሰክርበታል። ሰዉ ሁሉ መሪጌታን አያቸው፤ መሪጌታ ሰማዩን አዩ። አቶ ማንደፍሮም አማተበ።

ጥሩሐረግ አማቷ እግር ሥር ወደቀች። ተናዳለች፣ ማልቀስም አምሯታል፤ ግን ላሟ እዚያው አጠገቧ ታመነዥጋለች፣ ጊዜ የለም።

«እማማ፣ ጠበሉ የፈለቀው ለኛ ነው። ዳልቻን ይርጩልኝ፣ በሩን ይርጩልኝ፣ እኔንም ከራሴ እስከ እግሬ ይርጩኝ። ወተቱን ግን ይተዉልኝ። ወተቱ የሰው ልጅ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«ደግ ተናገረች! ይረጭ! ላሚቱ ትረጭ!» አሉ መሪጌታ፣ ከሰማይ በአንዴ ወርደው።

አቶ ማንደፍሮ ትንሿን ቅል ተቀብሎ አሸተታት። «ጠበሉ መቼ ነው የተቀዳው እማማ?»

«ክረምት ሳይገባ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በትልቅ ቅል አከማችቼ ከዚያ እየቆጠብሁ ነው።»

«ከምንጩ ሲቀዱት ንጹሕ ነበር። ቅሉ ውስጥ ሲከርም ግን ቅሉ አበላሽቶታል። ትልቅ ሰው ይችለው ይሆናል፤ የሕፃን ሆድ አይችልም።» ይህን ሲል እጁን አላወናጨፈም።

ሽማግሌዋ ቅሉን ወስደው አሸተቱ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ጥሩሐረግ ቀሚስ ላይ የተጣበቀችውን፣ ክረምቱን ሙሉ ሆዷን ሲቆርጣት የከረመችውን የልጅ ልጃቸውን አዩ። በታመመች ቁጥር ጠበሉን አብዝተው የጨመሩላት እሳቸው ናቸው። ቅሉን ከአጥር ውጭ ወረወሩት።

«የጥጃዋ ድርሻ አለ» አሉ ከዚያ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሁለቱ ጡት አልታለበም። እለቢ።»

ጥሩሐረግ ሌላ ማለቢያ አንስታ ቁጭ አለች። በዚህም መለኪያው ከሰመጠ ሌላ ወተት የለም። ገና መጀመሪያው ጠብታ ማለቢያውን ሲመታ ከኋላዋ የእማማ ደብሬ ድምፅ ግቢውን አናጋው።

«ዙሩ! ሁላችሁም ዙሩ! ጠበሌን ከነጠቃችሁኝ ዓይናችሁን ውሰዱልኝ!»

ተዉ የሚላቸው ሰው አልተገኘም። መንደሩ በሙሉ፣ መሪጌታም በሪሁንም፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ጀርባውን ለላሟ ሰጠ። ወተቱ ታልቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያ ሁሉ ሰው ምንም የሌለበት ገደል ላይ አፍጥጦ ቆመ። «ቀዘቀዘ?» ይላል አንዱ። «ዝም በል፣ እንዳትዞር!» ይላል ሌላው። አጥር ላይ የተንጠለጠሉት መዞር ስላልቻሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ደብሬ ዱላቸውን ይዘው በሰዉ ጀርባ ይመላለሳሉ፤ አንገቱን ሊያዞር የቃጣውን ወጋ ያደርጉታል።

አቶ ማንደፍሮ መለኪያውን አጥቦ ወተቱ ውስጥ ለቀቀው። ጥሩሐረግ ማየት አልቻለችም፤ ግንባሯን ዳልቻ ሆድ ላይ ደፍታ የላሟን ትንፋሽ ብቻ ሰማች። መስታወቱ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ተወዛወዘ። እማማ ደብሬ ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ቀዩ ማለት ይህ ነው?»

«ይህ ነው እማማ።»

«እዚሁ ላይ ነው መቆም ያለበት?»

«እዚሁ ላይ ነው! ቆመ! ቆመ እኮ!» አቶ ማንደፍሮ ራሱን መግታት አቅቶት ዘለለ። «ነገ ጤና ጣቢያ ነይና ፈቃድሽን ውሰጂ!»

ጥሩሐረግ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጠች እየሳቀች አለቀሰች።

«ቆመ? እውነት ቆመ?» ይላል መንደሩ፣ ፊቱን ወደ ተራራው እንዳደረገ። ከሁሉ በልጦ የሚጮኸው በሪሁን ነው። «እማዬ፣ እውነት ቀዩ ላይ ቆመ?»

እማማ ደብሬ ግን ምራታቸውን ከመሬት ደግፈው አነሷት። «ዳልቻን ከሰው ዓይን አድናታለሁ ብዬ እኔው ላሳጣሽ ነበር» አሏት ዝቅ ብለው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወተት የሞላውን ማለቢያ በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉ፤ አልሸፈኑትም።

«ዙሩ! አሁን ዙሩና እዩ! በሪሁን፣ አንተ ቅደም። ጠግባችሁ እዩ!»

በሪሁን መጣ። ወተቱን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ እናቱን አየ። ቀጥሎ ወደ ዳልቻ ዞረና ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ መሬት ላይ ትፍ፣ ትፍ አለ። «ዓይን አያግኝሽ» አላት። «እዚሁ ክረሚ።»