የሟች መሣሪያ አይጠየቅም

ዐርብ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ተነሳሁ። በሰፈሬ በሰባተኛ ከሰው በፊት የሚነቃው ጋሪ ነው። መጀመሪያ ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲንገጫገጭ ይሰማል፣ ቀጥሎ የወዛደሮቹ «ዞር በል፣ ዞር በል»፣ ከዚያ የሱቆቹ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ወደ ላይ ይሳባል። ሻይ ጣድኩ። የትናንቱን ዳቦ ቆረጥኩ። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ለዛሬ ፈቃድ መጠየቄ ትዝ ሲለኝ መልሼ አወጣሁት።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የጠብመንጃው ማቀባበያ ተስቦ ተመልሷል። ዓይኔን ሳልገልጥ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ የዘይቱ ሽታ መጣ። ይህም እንደ ሌላው ቀን ነበር።

ባለቤቴ ሰብሐት ከሞተ ሁለተኛው ጥቅምት ነው። በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ከመሥሪያ ቤቱ ዕረፍት ይወስድና ወደ ትውልድ አገሩ፣ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ይወርዳል። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ከርከሮ ይገባበታል። እሱ ምንሽር ጠብመንጃውን ይዞ ማማ ላይ ያድራል፣ ወንድሙ ጓንጉል ከታች እሳት ያነዳል። ከመሄዱ በፊት ባሉት ቀናት ገና ሳይነጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠብመንጃውን ይጠርግ ነበር። እንዳያነቃኝ ብሎ መብራት አያበራም። እኔ ግን ነቅቼ አዳምጠው ነበር።

ከሞተ በኋላ ምንሽሩን ራሱ በጋቢ ጠቅልሎ እንዳቆመው ተውኩት። አልነካሁትም። ድምፁ የተጀመረው አምና በጥቅምት ነው። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፤ ጆሮ ድምፅን እንዴት እንደሚቀበል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። የምሰማውን ግን ለራሴ ለማብራራት አልሞከርኩም፣ ለማንም አልተናገርኩም። የፈራሁት እንዳይቋረጥ ነው። መሣሪያው ከዚህ ቤት ከወጣ ሰብሐትም አብሮ እንደሚወጣ አውቅ ነበር።

በእነሱ አገር ሰው ሲሞት ልብሱና መሣሪያው ለቅሶ ላይ ይወጣል። ሰብሐት የሞተው እዚህ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ስለነበር አስከሬኑን ይዘን ስንወርድ ምንሽሩ ቤት ቀረ። ኮቱንና ባርኔጣውን አወጡ፤ በምንሽሩ ፋንታ የጎረቤት ጠብመንጃ ተውሰው አቆሙ። አልቃሾቹ ያንን የሰው ዕቃ እያዩ በሰብሐት ስም አለቀሱበት። አንድም ሰው «የራሱስ የት አለ?» አላለኝም። የሟች መሣሪያ አይጠየቅም። ሚስቱ ልቧ ሲፈቅድ ታወጣዋለች፣ ለወንድሙ ወይም ለልጁ በእጇ ትሰጣለች። ልቧ ካልፈቀደም ዝም ይባላል። እኛ ልጅ የለንም። ያለው ጓንጉል ነው።

ያ ጓንጉል ነው ባለፈው እሑድ የደወለልኝ።

«እትዬ ሸዋ፣ ዐርብ እመጣለሁ። የአደን ጠብመንጃ ልገዛ ነው። የወረዳውን ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ ብቻ አላውቅበትም። ያስመርጡኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጓንጉል?»

«እሱ ሲጠርግ አጠገቡ ነበሩ። እኔ እኮ እንጨት አንዳጅ ነኝ፣ ቃታ ስቤ አላውቅም።»

እሺ አልኩት።

አውቶቡስ ተራ ስደርስ ከሩቅ ለየሁት። የወንድማማቾቹ እጅ ከልክ በላይ ረጅም ነው፤ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ ከአንጓቸው በላይ ይቀራል። አንድ ወዛደር ከረጢቱን ሊቀማው ይታገላል።

«ፋዘር፣ ልሸከምልዎት፣ ቅርብ ነው የሚሄዱት።»

«የት እንደምሄድ በምን አወቅህ?»

«የትም ይሂዱ፣ ለእኔ ቅርብ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ከረጢቱ ቀላል ነው፣ እኔን ተሸከመኝ» አለው ጓንጉል። ልጁ ስቆ ተወው።

ሳመኝ። ከስቷል። መንገድ ላይ ስለ ማሳው ነገረኝ። አምና ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ ጅራፍ እያስጮኹ አደሩ፤ ከርከሮው መጀመሪያ ደነገጠ፣ በኋላ ለመደው፣ እየጮሁበት ይበላ ጀመር። የእርሻውን ግማሽ አጠፋው።

«ዘንድሮም ከደገመን ልጆቹን ይዤ እዚህ መምጣቴ ነው» አለ። ወደ ኋላ ዞሮ ወዛደሩን አየው። «ያ ልጅ ያሠራኝ ይሆናል። ተዋውቀናል።»

አልሳቅኩም፣ እሱም አልሳቀም።

የጋሼ ሙናዊር ሱቅ ከሸማ ተራ ጀርባ፣ በጋቢ ሻጮች መካከል የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ቡትስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የጥይት ቀበቶ ይሸጣል፤ በፈቃድ የአደን ጠብመንጃም ይሸጣል፣ ያድሳልም። ሰብሐት ወዳጁ ነበር። እኔን ሲያይ ከዱካው ተነሳ።

«ሸዋዬ፣ ልጄ። ጠፋሽ።»

«አለሁ ጋሼ። የሰብሐት ወንድም ነው፣ ጓንጉል።»

«ባትነግሪኝም እጁን አይቻለሁ።» ጨበጠው። «ወንድምህን አላህ ይርሐመው። ቶሎ በል፣ ለጁምዓ እዘጋለሁ። ፈቃድ?»

ጓንጉል ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ጋሼ ሙናዊር ወደ ብርሃን አስጠግቶ አነበበው፣ ከዚያ የኋላውን የብረት ሳጥን ከፈተ። ጓንጉል ወዲያው አንዱን አነሳ፤ እንጨቱ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ።

«ይህ ያምራል።»

«ያምራል። ለሠርግ ፎቶ ይሆናል። ስንት ሚስት አለህ?»

«አንድ።»

«እሷንም እንዲህ ነው የመረጥካት? ገና ከበር?»

«እሷ ናት የመረጠችኝ።»

«ይኸው፣ ከአንተ ትሻላለች። አስቀምጠው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥይቱ ነው። የዚህ ጥይት አገር ውስጥ የለም፤ ጥይት የሌለው ጠብመንጃ ዱላ ነው፣ እሱም ውድ ዱላ።»

ሌላ አወጣ። ማቀባበያውን ስቦ ነጭ ወረቀት ከበስተኋላው ደገፈና በአፈሙዙ በኩል እንዲያይ አደረገው። «ውስጡ ምን አለ?»

«ጨለማ።»

«መስመር እየተጠማዘዘ ሲሄድ ማየት አለብህ። ካላየህ ተበልቷል። ጥይቱ ይወጣል፣ የት እንደሚሄድ ግን ራሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።» መልሶ አስቀመጠው። «እንዲህ ያለውን ቀለም ቀብተው ለጀማሪ ይሸጣሉ። ጀማሪ ውጭውን ነዋ የሚያየው።»

በሦስተኛው ውስጥ መስመሩ ታየ። ጥይቱም አለ፣ ዋጋውም ጓንጉል ይዞ ከመጣው አይበልጥም። ፊቱ ፈካ። እኔም ቀለል አለኝ፤ ገዝቶ እንዲሄድ ምን ያህል እየተመኘሁ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ቆይ» አለ ጋሼ ሙናዊር። «ዓይንህን ጨፍን። እንደጨፈንክ ትከሻህ ላይ አድርገው። ከዚያ ግለጥ። ማነጣጠሪያው ዓይንህ ፊት ራሱ መምጣት አለበት፤ አንተ አንገትህን ሰብረህ ከፈለግኸው ያንተ አይደለም።»

ጓንጉል ዓይኑን ጨፈነ። ጠብመንጃውን አነሳ።

ሱቁ ውስጥ የቆመው ሰብሐት ነበር። የግራ እግሩን ትንሽ ወደፊት አድርጎ፣ ክርኑን ከፍ አድርጎ፣ እስትንፋሱን ይዞ። ማንም አላስተማረውም። የቤቴ የዘይት ሽታ እዚያ፣ በአዲስ ጋቢ ሽታ መካከል፣ መጣ።

ዓይኑን ሲገልጥ ጓንጉል ሆነ። ማነጣጠሪያው ዓይኑ ፊት የለም። ሰደፉ አጥሮበት አንገቱን ሰብሮ፣ አውራ ጣቱ ከአፍንጫው ጋር ተጣብቆ ይፈልጋል።

«ብትተኩስ በገዛ ጣትህ አፍንጫህን ትሰብራለህ» አለ ጋሼ ሙናዊር።

«ሰደፉ አይረዝምም?»

«ይረዝማል። የእንጨቱና የሥራው ዋጋ ግን ከጠብመንጃው ሊበልጥብህ ነው። የወንድምህን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ያኔ እንጨት ርካሽ ሳለ። ያ ሰደፍ...»

አቆመ። ጨርቁን አንስቶ ያልቆሸሸውን ጠብመንጃ መጥረግ ጀመረ። የነጋዴ አፍ አለው፣ ግን ከአገሬው ጋር ስለኖረ የሟች መሣሪያ እንደማይጠየቅ ያውቃል።

ጓንጉል ወደ እኔ አልዞረም። ወለሉን ነበር የሚያየው፣ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ያን ጊዜ ገባኝ። ምንሽሩ እኔ ጋ እንዳለ ከመጀመሪያው ያውቃል። አምናም ማሳው እየተበላ ያውቅ ነበር። ከመጠየቅ ይልቅ የማይሆን ጠብመንጃ ገዝቶ ለመሄድ ነው የመጣው።

«የተበላውን ይስጡኝ» አለ። «ድምፅ ካለው ይበቃኛል።»

«እሱ ማቀባበያውም ላልቷል፣ እሳቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ዕውርነት አልሸጥልህም።»

«እንግዲያስ ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሸጥ ሰው አለ ብለውኛል።»

«ያ ሰውዬ ጠብመንጃ አይሸጥም፣ እስር ቤት ነው የሚሸጠው።»

«ከርከሮ እኮ አይጠብቀኝም ጋሼ» አለ ጓንጉል። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ውጭ አንድ ጋቢ ሻጭ ከገዢ ጋር ይከራከራል። «ወላሂ አያዋጣኝም» ይላል ደጋግሞ። እሱን ነበር የማዳምጠው። ቤት ውስጥ የቀረኝን አሰብኩ፤ ጎህ ሳይቀድ የምትመጣውን ያችን ትንሽ ጊዜ። ከዚያ ጓንጉልን ገመድ ትከሻው ላይ አድርጎ በሰባተኛ ጋሪ ሲገፋ አየሁት። መስኮቴ ሥር ነበር የሚያልፈው።

«ጓንጉል» አልኩ። «ቤት እንሂድ።»

ጋሼ ሙናዊር ቀና አላለም። «ከጁምዓ በኋላ አምጡት» አለ። «አየዋለሁ። ስሙን ለማዛወር ፖሊስ ጣቢያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ቤት ስንገባ ጓንጉል በሩ አጠገብ ቆመ፣ ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም። ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጌ እጄን ከጀርባው ሰደድኩ። ጋቢው አቧራ አልነበረበትም። በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ፣ ሰጠሁት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ጎንበስ ብሎ እንጨቱን ሳመው።

«ነፍስ ይማር» አለ።

«ነፍስ ይማር።»

ጋቢውን ገለጠው። ማቀባበያውን ሳበና መለሰ። ያው ድምፅ ነበር፣ በቀን ብርሃን፣ በሌላ ሰው እጅ። ከተማሪዎቼ ወረቀት አንዱን አቀበልኩት። ወረቀቱን ደግፎ በአፈሙዙ ወደ መስኮቱ አየ፣ ቆየ። ከዚያ ጣቱን ብረቱ ላይ አሳርፎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አሳየኝ። ጣቱ በዘይት ረጥቧል።

«ማን ጠረገው?»

«እኔ አልነካሁትም።»

ጣቱን በሱሪው ሊጠርግ ብሎ ተወው። ቀና ብሎ ቁም ሳጥኑን አየ።

«እዚህ ነው የሚመጣው?»

«ጎህ ሳይቀድ» አልኩ። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኛ ጋ አልመጣም» አለ። «ማማው ላይ ጠብቄዋለሁ። አምናም፣ ዘንድሮም። ማማው ሰው ሲወጣበት ይንቋቋ የለ? እሱን ነበር የማዳምጠው። አንድም ቀን አልተንቋቋም።»

ዓይኑን ጨፍኖ ምንሽሩን ትከሻው ላይ አደረገ። ሲገልጥ አንገቱን አላንቀሳቀሰም። ማነጣጠሪያው ዓይኑ ፊት ነበር። ቀስ ብሎ አወረደው።

«እትዬ ሸዋ፣ ምናልባት ከመጣ እነግርዎታለሁ።»

«አትንገረኝ» አልኩት።

የወረቀቱ ጉዳይ ሰኞ አለቀ። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት፤ ምንሽሩ በዚያው ጋቢ ተጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ደወለ። ሁለቴ ተኩሶ ሁለቴ ስቷል፣ በሦስተኛው ግን ትልቁን መታ፤ የቀሩት ወንዙን ተሻግረው ሄደዋል። ሚስቱ እንደ አዳኝ ወግ ራሱን ቅቤ ልትቀባው ተነሳችና «ስቶ ስቶ ለመታ ቅቤ አይገባውም» ብላ በዘይት ቀባችው። እየሳቀ ነገረኝ። ማሽላው ደርሷል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለ ማማው አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላነሳውም። ሰላምታ ተለዋውጠን ዘጋን።

ቁም ሳጥኑን ወደ ግድግዳው አስጠግቼዋለሁ። አሁንም ገና ሳይነጋ እነቃለሁ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።