የሾላው አቀበትና የአድማሴ ቱርቦ

አድማሴን ቢሰድቡት፣ ድንጋይም ቢወረውሩበት ይሻለው ነበር። ዲያቆኑ ግን ሰላምታ ሰጠው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አድማሴ የበቆሎ መፈልፈያውን ማሽን ከኋላ አስሮ፣ አሮጌዋን ናፍጣ ፒክአፕ በአንደኛ ማርሽ እያስቃሰተ ዳገት ይወጣል። በበቅሎ የተቀመጠ አንድ ዲያቆን ከኋላ ደረሰና በመስኮቱ ትክክል ሆኖ «እንዴት አደራችሁ?» አለው። አድማሴም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ዲያቆኑ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፤ ስለ ከብቱም ስለ አዝመራውም ጠየቀ። ሰላምታውን በወጉ፣ እስከ መጨረሻው ካደረሰ በኋላ «በሉ ደኅና ዋሉ፤ እኔ ትንሽ እቸኩላለሁ» ብሎ በቅሎዋን ኮርኮር አደረገና ጥሎት ሄደ።

ያን ቀን ማታ አድማሴ እራት አልበላም።

«በበቅሎ!» አላት ሚስቱን እናኑን። «ያውም እየተጫወተ!»

እናኑ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። አድማሴ የእህል ንግዱን ትቶ ፒክአፗንና መፈልፈያውን ከያዘ ወዲህ ኑሯቸው የተቃና ነው። ጊዜው ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ በየቀበሌው የተዳረሰበት፣ በቆሎ በየደጁ ተራራ የሆነበት፣ የሚፈለፍለው እጅ ግን ያጠረበት ዘመን ስለነበር ከጥቅምት እስከ የካቲት እረፍት አልነበራቸውም። መኪናዋ ግን እያደር ደከመች። በዚያ ዓመት አቅማቸው የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ማሠራት ነበር።

«እንግዲያው ወንበሩን አሠራ» አለች እናኑ። «በእኔ በኩል ሽቦው ወጥቶ ቀሚሴን ቀዶታል። ገበያ ስወርድ ሰው ከጅብ ጋር የታገልኩ ይመስለዋል።»

«ወንበር ዳገት ይወጣል?»

«እኔ ግን ዳገቱን የምወጣው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነው» አለችው።

በማግሥቱ አድማሴ ከከተማው መውጫ ወዳለው ጋራዥ ሄደ። ባለቤቱ ወልደ ዮሐንስ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የነበረ፣ ቅኔውን ትቶ መፍቻ ያነሣ ሰው ነው። መፍቻውን ቢያነሣም አንደበቱ እዚያው ቀርቷል።

«ይች መኪና ጉልበት አላጣችም» አለ ሞተሩን ከፍቶ ካዳመጠ በኋላ። «ያጠራት ትንፋሽ ነው። ቱርቦ ያስፈልጋታል። ሞተር ጭሱን አያባርረውም? ቱርቦ ያን የተባረረ ጭስ ንስሐ አስገብቶ ሥራ ያስይዘዋል። ጭሱ ማራገቢያ ያዞራል፤ ማራገቢያው አየር ይግተዋል፤ ሞተሩ ይበረታል።» ይህን ሲል ዐይኑ ወደ ጥግ ሸሸት አለ። እዚያ፣ ከተገለበጠ መኪና የተነቀለ አንድ ቱርቦ ጨርቅ ለብሶ ገዢ ሲጠብቅ ከርሟል።

«ባሌስትራ ባስጨምርስ?»

«ባሌስትራ ይሸከማል እንጂ አይጎትትም።»

«ፍሬኑስ?»

«ፍሬን ለሚሮጥ ነው። አንተ መቼ ሮጥህና?»

አድማሴ ይች ቃል እንደ ሚጥሚጣ ገባችበት። ወልደ ዮሐንስ ግን ሐቀኛ ሰው ነውና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሮ ማሽኑ የሚታሰርበትን ጋንጮ በእግሩ ነካ ነካ አደረገው። «እውነቱን ለመናገር፣ ጋንጮህም ደክሟል። ብየዳው ተሰነጣጥቋል። የሁለቱንም አቅም ካጣህ ይሄ ይቅደም።»

«ጋንጮ ማን ያየዋል?» አለ አድማሴ።

«ማንም አያየውም።»

«ቱርቦውስ ይታያል?»

«እሱም አይታይም። ይሰማል እንጂ። ያፏጫል።»

«ያፏጫል» የምትለው ቃል ነገሩን ጨረሰችው።

በጥር አጋማሽ፣ አንድ ጠዋት፣ አድማሴ ቱርቦውን አስገጥሞ ማሽኑን አስሮ ወጣ። የሚሄደው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በሾላው አቀበት ወደሚወጣው መንደር፣ ወደ አያ ፀጋው ዘንድ ነው። አያ ፀጋው በአካባቢው የታወቁ ብርቱ ገበሬ ናቸው፤ ለዚያ ቀን ደቦ ጠርተው፣ ጠላ አስጠምቀው፣ በግ አርደው ይጠብቁታል። መኪናዋ በእርግጥም ተለውጣለች። ጋዝ በሰጣት ቁጥር «ፉ…ይ!» ትላለች። አድማሴ ፉጨቷን አጥርቶ እንዲሰማ የሚወደውን ሬዲዮ እንኳ ዘጋ።

ከአቀበቱ ሥር ሲደርስ እንደ ወትሮው ወደ አንደኛ አልመለሰም። በሁለተኛ ማርሽ ረገጠው። መኪናዋ ጎተተች፤ አቃሰተች፤ ከዚያ «ድው!» የሚል ድምፅ ተሰማና ወደ ፊት ተስፈነጠረች። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ሜዳ ሆነ። ሦስተኛ አስገባ፤ ተቀበለችው።

«ወይ ወልደ ዮሐንስ!» አለ አድማሴ፣ መሪውን በመዳፉ እየመታ። «እጅህ ይባረክ! ማሽን ያሰርኩ አልመስል አለኝ እኮ!»

ከኋላው አቧራውና ጭሱ ተደባልቀው መጋረጃ ሠርተዋል። በመስታወቱ ቢያይም የሚያየው ደመና ነበር።

አያ ፀጋው ደጅ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሣ። አድማሴ ክላክሱን ነፋና፣ ረጅም ተሳቢ እንደሚጎትት ሰው ሰፋ አድርጎ፣ በቀስታ፣ በጥንቃቄ መዞር ጀመረ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዘወር በሉ! ከኋላ አለ! ከኋላ እንዳይመታችሁ!» እያለ ይጮሃል። ሰዉ ዘወር አለ። ከዚያ አቧራው ጠራ።

አያ ፀጋው የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደው አዩና ተመለሱ።

«አድማሴ» አሉ በትሕትና፣ «መኪናህስ ደኅና ገብታለች። ማሽኑ በእግሩ ነው የሚመጣው?»

አድማሴ ወርዶ አየ። ጋንጮው የለም። የነበረበት ቦታ ላይ የተቀደደ ብረት ብቻ እንደ ውሻ ጥርስ ገጧል። የመጀመሪያው ስሜቱ ሐፍረት ሳይሆን ፍርሃት ነበር። አቀበቱ ሰው የሚወጣበት፣ ከብት የሚነዳበት ነው። ያ ሁሉ ብረት ቁልቁል ሲንከባለል ማንን አግኝቶ ይሆን? ዘሎ ወደ መሪው ተመለሰ። አያ ፀጋውም ነገሩ ገብቷቸው ቀልዱን ተዉና ከጎኑ ገብተው ተቀመጡ። ቁልቁል ሲወርዱ የሁለቱም ዐይን የመንገዱን ዳር ያስሳል። ቱርቦው ብቻ ያፏጫል።

ማሽኑን ያገኙት ከአቀበቱ መታጠፊያ ሥር፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን በምታርሰው በእትዬ አየለች ደጅ ነው። መንገድ ለቅቆ፣ የታጨደውን የበቆሎ ማሳ አቋርጦ፣ አጥር ጥሶ፣ የበቆሎ ክምሯ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ቆሟል። እትዬ አየለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

«እትዬ አየለች፣ ሰው ተጎድቷል?» አለ አድማሴ ሳይወርድ።

«ዶሮ እንኳ አልተነካም። አጥሬ ግን ወድቋል።»

አድማሴ ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀና ሲል «አጥሩን እኔ አጥራለሁ፤ በጥፋቴ ይቅር በሉኝ» አላት።

«የምን ጥፋት? አንተ መቼ አመጣኸውና? ሳምንት ሙሉ ብለምንህ 'ከአያ ፀጋው በኋላ' አልከኝ። እኔም ለእመቤቴ ማርያም ነገርኳት። ይኸው እሷ ላከችልኝ።»

አያ ፀጋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱስ ልክ ነሽ፤ ግን ተራው የእኔ ነው። ደቦው ተቀምጧል።»

«አንቱ አያ ፀጋው» አለች እትዬ አየለች፣ አንገቷን በአክብሮት ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዳ በገዛ እግሩ ከቤቴ ገብቶ እህል ሳይቀምስ ይውጣ ይላሉ?»

አያ ፀጋው ጥሩ ነገር ሲሰሙ የሚሸነፉ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ አቀበቱ ዞረው ተጣሩ። ደቦው ከነ ጠላው፣ ከነ ሥጋው ወረደ። የማሽኑ የራሱ ሞተር ደግሞ ምንም አልሆነም፤ ሲያስነሡት ተነሣ። እኩለ ቀን ሳያልፍ የእትዬ አየለች በቆሎ ተፈልፍሎ ጎተራ ገባ፤ አጥሯም ታጠረ፤ ከበፊቱም ይልቅ ቀጥ አለ።

የቀረው ማሽኑን ወደ ላይ ማውጣት ነበር። ጋንጮ የሌላት መኪና ምን ትጎትት? አያ ፀጋው በሬዎቻቸውን አስመጡ። ሁለት ጥማድ ተጠምዶ፣ ጅራፉ ጮኾ፣ ማሽኑ የሾላውን አቀበት በበሬ ወጣ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማለፍ አይቻልምና ባለቱርቦዋ ፒክአፕ ባዶዋን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ከበሬዎቹ ኋላ ተከተለች። አድማሴ ጋዝ እንዳይነካት እግሩን እየሰበሰበ ነበር፤ ብትነካ ታፏጫለች፤ ባፏጨች ቁጥር ደቦው ዞሮ ይስቃል።

«እኔስ ቱርቦ ቱርቦ ሲሉ አይገባኝም ነበር» አሉ አያ ፀጋው በመስኮቱ አጠገብ እየተራመዱ። «ለካ ጓዝን ጥሎ ቱር ማለት ኖሯል!»

አድማሴ በዚህ ጊዜ እሱም ሳቀ። መጀመሪያ እንደ ማልቀስ አድርጎ፣ በኋላ ግን ከልቡ።

ለሚስቱ ማን ቀድሞ እንደነገራት አልታወቀም፤ ቤቱ ሲደርስ እናኑ በር ላይ ቆማ ዐይኗን ትጠርጋለች። «ማሽኑን ፍለጋ ልወጣ ነበር» አለችው፣ ሳቁ እያቋረጣት። አድማሴ አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሰፋ አድርጎ እስከዞረው ዙር ድረስ ነገራት፤ በየመሃሉ እሷም እሱም ይስቃሉ።

ወልደ ዮሐንስ አዲሱን ጋንጮ በነፃ በየደ፤ እናኑ ራሷ አጠገቡ ቆማ በመዶሻ እየደበደበች እስክታምን ድረስ። በላዩም ከባድ ሰንሰለት አስጨመረች። እውነቱን ለመናገር ቱርቦው ጥሩ ይጎትታል፤ የሾላውን አቀበት ከነማሽኑ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣዋል። አድማሴ ግን ፉጨቱን ማዳመጥ ትቷል። አሥር እርምጃ በሄደ ቁጥር አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ ማየት ልማድ ሆኖበት፣ ማታ ማታ እናኑ አንገቱን በቅቤ ታሸዋለች።

«እንግዲህ ፊት ፊቱን እይ» ትለዋለች፣ በጣቷ ጠንከር አድርጋ እየጫነች። «የኋላውን እኔ አይልሃለሁ።»