ጀቤሳን የሚጠራው ኢሜይል

ጎጆ በምትባለው የደጋ ከተማ ላይ ጉም ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው የባሕር ዛፉ ጫፍ ነው፤ ቀጥሎ የቤቶቹ ቆርቆሮ፣ ከዚያ መንገዱ፤ በመጨረሻም ሰው የገዛ እግሩን ጎንበስ ብሎ ፈልጎ ያጣዋል። እንዲህ ባለው ቀን የጣቢታ ወፍጮ ቤት የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ገብስ የጫኑ አህዮች የሚነዱ ሴቶች ሞተሩ ወደሚያጓራበት እያዳመጡ ይመጣሉ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ከነጭ ወጥተው ነጭ ውስጥ ይገባሉ፤ ከጉም ወደ ዱቄት።

ጣቢታ ወፍጮውን ብቻዋን የያዘችው ባሏ ጀቤሳ ነገራ ካረፈ ወዲህ ነው። ሁለተኛ ክረምቷ ነበር። ቀን ቀን ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ ተኝቶ ስትሠራ ትውላለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ትዘምራለች፤ የሚያያት ሁሉ «በረታች» ይላል። የጀቤሳን ስልክ ግን አልሸጠችውም፣ ለዘመድም አልሰጠችውም። መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ ታደርገዋለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት መሞቱን ያልሰሙ ሰዎች ይደውሉ ነበር፤ ከሸነን ገብስ የሚያመጣ ነጋዴ፣ ከባኮ በቆሎ የሚጭን ሹፌር። «ጀቤሳ አለ?» ሲሏት፣ እሷ «የለም» እስክትል ባለችው አንዲት ትንፋሽ ውስጥ ያለ ይመስላት ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉም ሰማ። ስልኩ ዝም አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት፣ ስልኩን በቀሚሷ ኪስ ይዛ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣች። ኢንተርኔት የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። የወጣችው ፎቶዎቹን ለማየት ነበር። ስልኩ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ግን ደነገጠች። ኢሜይል ነበር። ጀቤሳ ኢሜይል ያወጣው ለግብር ምዝገባ ተጠይቆ እንጂ ሲጠቀምበት አይታው አታውቅም።

«ውድ አቶ ጀቤሳ ነገራ፣» ይላል፤ «ባለፉት ዓመታት ከሚገባዎ በላይ ግብር ከፍለዋል። ተመላሽ ገንዘብዎ ተዘጋጅቶ እየጠበቀዎት ነው። በሥራ ላይ ያሉ ግብር ከፋይ መሆንዎን እንድናረጋግጥ ለዚህ መልእክት መልስ ይስጡ። የገቢዎች ጽሕፈት ቤት።» ከላይ የሚዛን ሥዕል አለበት፤ ከታች ክብ ሰማያዊ ማኅተም።

ጣቢታ ገንዘቡን አላሰበችም። ስሙን ደጋግማ አነበበችው። ውድ አቶ ጀቤሳ። የሆነ ቦታ የተቀመጠ አንድ ሰው ጀቤሳ እንዳለ ያምናል። እንደሚመለስ ሰው እየጠበቀው ነው።

ወርዳ ወፍጮ ቤት ገባችና ባዶ ጆንያ ላይ አረፍ ስትል ሸለብ አደረጋት። ረጅም ቢሮ አየች፤ ጣሪያው አይታይም፤ ከወለሉ ጉም እየተነሳ ነው። ጀቤሳ መስኮቱ ፊት ተሰልፏል፤ ኮቱ ላይ ዱቄት አለ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ፊት የለውም፤ ግን በትሕትና ይጠይቃል፦ «አሉ?» ጀቤሳ ዞር ብሎ እሷን አያት። መልሱን ከእሷ ይጠብቅ ነበር።

ስትነቃ አልተቀመጠችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጉብታው ተመለሰችና በጀቤሳ ስልክ፣ በጀቤሳ ስም፣ አንዲት ቃል ጻፈች። «አለሁ።»

መልሱ ጉሙ ከእግሯ ሥር ሳይርቅ መጣ። «እናመሰግናለን አቶ ጀቤሳ።»

ከዚያ ወዲህ ጉብታውን ለመደችው። ሴቶቹ ገብሳቸው እስኪፈጭ ሲጠብቁ ሽቅብ ስትወጣ እያዩ «ጸሎት ይዛለች» ተባባሉ። እሷ ግን ትጽፍ ነበር። የወፍጮውን አድራሻ ጠየቋት፤ ጻፈች። ገንዘቡ ወደየትኛው ባንክ እንደሚላክ ጠየቋት፤ የባንኩን ስም ጻፈች። አንድ ቀን ምንም ሳይጠይቋት፣ ልክ ጀቤሳ ማታ እሳት ዳር እንደሚያወራው አድርጋ፣ «ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ይዟል። ጉሙ ግን አልገፈፍ ብሏል። ሞተሩም ያስላል፤ ሽማግሌ ሆነ» ብላ ላከች።

«መረጃዎ ደርሶናል አቶ ጀቤሳ» ብለው መለሱላት።

ያን ዕለት እየሳቀች ወረደች። የሳቀችው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እሷም አላወቀችው።

በሳምንቱ ማስፈንጠሪያ ያለው መልእክት መጣ። «ይህን ተጭነው የሂሳብ ቁጥርዎን ያስገቡ። ወዲያው በስልክ የሚደርስዎትን ኮድና የሞባይል ባንክ የሚስጥር ቁጥርዎን ይሙሉ። ዛሬ ካልተሞላ ዕድሉ ያልፋል» ይላል። ጣቢታ እንዲህ ያለው ነገር ስለማይሆንላት የጀቤሳን ታናሽ ወንድም ሂርጳን አስጠራችው። ሂርጳ እዚያው ጎጆ የሚያስተምር፣ ቸኩሎ የሚናገር፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። ጉብታው ላይ ቆሞ ሲያነብ ዓይኑ በራ።

«አዴ ጣቢታ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቀሽን ነው?»

«አልደበቅሁም። ለእሱ ነው የተጻፈው።»

«ለእሱም ቢሆን ያው ያንቺ ነው። ሁልጊዜ የሚወስድ መንግሥት አንድ ቀን ልስጥ ሲል እጅ ይዘረጋል እንጂ ምን ይባላል! ሂሳብ ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ነገረችው። አሁን ሂሳቡ በእሷ ስም ነው፤ የወፍጮው ገቢ፣ ሞተሩን ለመቀየር ያጠራቀመችው፣ ሁሉም እዚያው ነው። ሂርጳ ቁጥሩን ሞልቶ ሲጫን፣ በሌላኛው ኪሷ ያለው የራሷ ስልክ ጮኸ። የባንኩ አጭር መልእክት ነበር፤ ኮዱን ይነግራትና ከሥሩ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» ይላል።

«ስንት ይላል? አንብቢው፤ ልሙላው» አለ ሂርጳ።

ጣቢታ አላነበበችም። ጉሙ በመካከላቸው ያልፍ ነበር፤ የሂርጳ ፊት እየጠፋ ይመለሳል። አንዴ ጀቤሳን መሰላት፤ አንዴ ደግሞ ማንንም አልመሰለም። በሕልሟ መስኮት ወዲያ የነበረው ፊት የሌለው ሰው ትዝ አላት። ለማንም አይስጡ። ይሄ የሚጠይቀኝ ማነው?

«ቆይ፣ ሂርጳ። ስልኩን አምጣው እስቲ።»

«ሰዓቱ ያልፋል እኮ!»

«ይለፍ።»

ጀቤሳ እንግዳ ሰው ወፍጮ ቤቱ ሲመጣ ገብሱን ከመመዘኑ በፊት «የማን ቤት ነህ?» ይል ነበር። እሷም ልትጠይቅ ፈለገች። ጀቤሳን ያወቀ የገቢዎች ሰው አንድ ነገር አይረሳም፦ የግራ አውራ ጣቱን የሞተሩ ቺንጋ፣ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ቆርጦት ነበርና ለምዝገባ አሻራ ሲሰጥ ማሽኑ አልቀበል ብሎ ቢሮው ሁሉ ሲሳሳቅ ውሏል። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የምታውቁኝ ከሆነ፣ አሻራ ስሰጥ የጎደለኝ የትኛው ጣቴ ነው?»

ጠበቁ። ከሥር አህያ ያናፋል። ሂርጳ እግሩን ያፈራርቃል።

መልሱ መጣ። «ጊዜ አያባክኑ! ኮዱን አሁኑኑ ካላስገቡ ተመላሹ ይሰረዛል፤ ከባድ ቅጣት ይጣልብዎታል፤ ጉዳይዎ ለፖሊስ ይተላለፋል።» ውድ አቶ ጀቤሳ የለም። ስሙ ራሱ የለም።

ጣቢታ ስልኩን ዝቅ አደረገች። «ሂርጳ፣ ይሄ ሰው ጀቤሳን አያውቀውም።»

ሂርጳ ስልኩን ተቀብሎ፣ አሁን በቀስታ፣ የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል አነበበ። መሃሉ ላይ የገቢዎች የሚል ስም አለበት፤ ጫፉ ግን እሱ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቅ የውጭ ነገር ነው። ሰማያዊውን ማኅተም በጣቱ አስፍቶ አየው፤ ጽሑፉ የሚነበብ ሳይሆን ጽሑፍ የሚመስል ጭረት ነበር።

«ዋቃ፣ አምላኬ! አዴ ጣቢታ፣ እኔ ነኝ ቁጥርሽን የሰጠኋቸው።»

«ቁጥሩን ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለችው። ድምጿ ግን ለራሷም ሩቅ ነበር።

በማግሥቱ የወረዳው ገቢዎች ቢሮ ስትሄድ የሚያውቃት ሠራተኛ ኦቦ ቀንዓ ለስብሰባ አምቦ ወርዷል አሏት። ወፍጮውን ለሂርጳ አደራ ብላ ሚኒባስ ተሳፈረች። መኪናው ጭቃውን እየዋኘ ቁልቁል ሲወርድ ጉሙ ከበላይ ቀረ፤ አየሩ ሞቀ፤ አምቦ ስትገባ ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ተዘርግታ ነበር። ከረጅም እንቅልፍ የወጣች ይመስል ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት።

መጀመሪያ ባንክ ገባች። ያስተናገደቻት ልጅ ሂሳቡን አይታ ምንም እንዳልወጣ ነገረቻት፤ የሚስጥር ቁጥሯን አስቀየረቻትና «ኮዱን ባለመስጠትዎ ነው የተረፉት፤ እኛም ብንሆን ደውለን አንጠይቅዎትም» አለቻት።

ኦቦ ቀንዓን ያገኘችው ስብሰባው ለሻይ ሲበተን ነው። ከፋይል ጋር ያረጀ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ብርጭቆውን ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጣት።

«አካም ጅርታ፣ አዴ ጣቢታ?» ሲል ሰላም አላት። «ምን እግር ጣለሽ?»

ስልኩን ሰጠችው። መልእክቶቹን ከላይ ጀምሮ አነበበ። «አለሁ» የምትለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ስለ ገብሱና ስለ ጉሙ የጻፈችውንም አነበበ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

አንገቷን ደፋች።

«ስሚኝ እህቴ» አለ ቀስ ብሎ። «የጀቤሳን ፋይል የዘጋሁት እኔ ራሴ ነኝ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ፈቃዱን ባንቺ ስም አዙረን ሰጥተንሻል። ቀብሩም ላይ ነበርኩ። የእኛ ቢሮ ጀቤሳ እንደሌለ ያውቃል። ውድ ጀቤሳ ብሎ የሚጽፍለት፣ የማያውቀው ሰው ብቻ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አለች። «ትናንት ነው ያወቅሁት።»

«ደግሞም እኛ ለጎጆ ሰው ስንጽፍ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ይሄ በአማርኛ ነው። የመንግሥት አድራሻ መጨረሻው ጎቭ ዶት ኢቲ ነው፤ ይሄ አይደለም። ተመላሽ ያለው ሰው ቢሮ መጥቶ ፈርሞ ነው እንጂ ባንድ ቀን በስልክ አይጨርስም። የሚስጥር ቁጥርማ! ግብር ተቀባይ ያለሽን ይጠይቃል እንጂ የሳጥንሽን ቁልፍ አይጠይቅም።» ከዚያም ጨመረ፤ «በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው ደርሶታል። ከሸነን አንድ ነጋዴ ኮዱን ሰጥቷቸው ባዶ እጁን ቀርቷል። አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጣቱን ጠየቅኋቸው።»

ኦቦ ቀንዓ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። አሻራ የወሰደው እሱ ነበር። ሊስቅ ከጀለውና ፊቷን ሲያይ ተወው፤ ምክንያቱም ጣቢታ እያለቀሰች ነበር። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እንግዳ ስታስተናግድ የዋለች ሴት፣ አሁን በአምቦ ፀሐይ፣ ሰው በሚያልፍበት ግቢ፣ ፊቷን እንኳ ሳትሸፍን ታለቅሳለች።

«ገንዘቡ አይደለም፣ ኦቦ ቀንዓ» አለች። «ስሙን የሚጠራ አንድ ሰው ቀርቶልኝ ነበር፤ እሱም ሌባ ሆነ።»

ስብሰባው ሊጀመር ሲጠሩት ኦቦ ቀንዓ በእጁ «ቆዩ» አላቸውና አጠገቧ ተቀመጠ። ጀቤሳ አሻራ የሰጠ ዕለት ምን እያለ እንዳሳቃቸው፣ ማሽኑን «አንተም እንደ ወፍጮዬ ጣት ልትበላ ነው?» እንዳለው ነገራት። ጣቢታ ይህን ሰምታው አታውቅም ነበር። እያለቀሰች ሳቀች። «ሌላስ ምን አለ?» አለችው፤ እሱም የሚያስታውሰውን ሁሉ ነገራት።

ከመለያየታቸው በፊት ኢሜይሉን አብረው ዘጉት፤ መልእክቶቹን ግን ኦቦ ቀንዓ ለሚመለከተው ክፍል አስቀድሞ አስተላለፋቸው። ስልኩ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጣቢታ ራሷ ተጫነችው።

ጎጆ ስትደርስ ጉሙ እንደተወችው ነበር። ከሚኒባሱ ወርዳ የሞተሩን ድምፅ ተከትላ ሄደች። ሂርጳ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ ከአንዲት ድንች ነጋዴ ጋር ይከራከራል፤ እንቁ ትባላለች።

«መጣሽ? ምን አሉሽ?» አለ ከሩቅ።

«ሌቦች ናቸው አሉኝ። ገንዘቡ አልተነካም።»

ሂርጳ ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ። እንቁ ግን ጆንያዋን ጣል አድርጋ ተጠጋቻት።

«የምን ሌባ? የግብር ተመላሽ ነው የምትሉት? ለባሌም እኮ መጥቶለታል! እንዲያነብለት ልጃችንን እየጠበቅን ነው።»

«አትሙሉት፣ እንቁ። ነይ ተቀመጪ፤ ልንገርሽ» አለች ጣቢታ። ሞተሩ ስለሚያጓራ ሌሎቹም ሴቶች ለመስማት ጠጋ ጠጋ አሉ። ስለ አድራሻው፣ ስለ ኮዱ፣ ስለሚያጣድፈው ቃል ነገረቻቸው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጀቤሳ ለአሻራ ማሽኑ ያለውን ነገረቻቸው። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ዕድሜዋ የገፋ ሴት፣ «እኔንስ አንድ ቀን ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?» ብላ ጀመረች፤ ጣቢታም ጆሮዋን ሰጥታ፣ እንዳይረብሻቸው ብላ ሞተሩን አጠፋችው።