የጰራቅሊጦስ ማግስት

ሃዊዝ ልጇን የሸኘችው የብራምቢ መንደር ከዳር እስከ ዳር ሰክሮ በዋለበት ቀን ነው። የጰራቅሊጦስ ማግስት ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የገብስ ጠላ በበርሜል ወጥቶ፣ ቄሱ ራሳቸው ከንፈራቸውን እየጠረጉ፣ ጭቃ ሹሙ ቱርስታን በአንድ እግሬ ካልዘለልኩ እያለ ሰዉን ሲያስቅ፣ ኦስበርት በጓሮ በኩል ወጥቶ ጫካውን ያዘ። ብብቱ ውስጥ ሁለት የገብስ ዳቦና አንድ ቁራጭ የአሳማ ጮማ አለ። ዕድሜው ሃያ አንድ ነው። እናቱ ግንባሩን ሳመችውና ወደ ጠላው ተመለሰች። ከሁሉም አብልጣ ስትስቅ ስላመሸች ማንም አልጠረጠራትም።

የብራምቢ ሰው ገባር ነው። ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚቆጠር፣ በሳምንት ሦስት ቀን የጌታውን ሁዳድ የሚያርስ፣ ሳይፈቀድለት የማያገባ፣ ሳይፈቀድለት ከመንደሩ የማይወጣ። ማምለጫው አንድ ብቻ ነው። ንጉሥ መብት በሰጠው ከተማ ቅጥር ውስጥ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሳይያዝ የኖረ ገባር ነጻ ሰው ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ጌታው ቀርቶ የጌታው ጌታም አይነካውም። ይህንን ጡት የጣለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ድሮ ግን የሚሞክረው ጥቂት ነበር። ሰው ሞልቶ ስለነበር ከተማ ቢገባም የሚቀጥረው አያገኝም።

ነገሩን የገለበጠው ታላቁ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ነው። ኦስበርት ከመጥፋቱ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ አዝመራ፣ ከብራምቢ ስልሳ ቤቶች ጭስ የሚወጣው ከሃያ ስምንቱ ብቻ ሆነ። ሃዊዝ ባሏንና ሦስት ልጆቿን በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ቀበረች። የመጨረሻዋን የቀበረቻት ብቻዋን ነው፤ አካፋ የሚያቀብላት እንኳ አልነበረም። ከሞት የተረፈው ሰው ደግሞ ሳያስበው ተፈላጊ ሆነ። በመንገድ የሚያልፈው አጫጅ የድሮውን ሦስት እጥፍ ካልከፈላችሁኝ ማጭዴን አላወጣም፣ በዚያ ላይ ሥጋ ካላበላችሁኝ ማለት ጀመረ። ንጉሡ ክፍያ እንደ ቀድሞው ይሁን ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ አጫጁም አዋጁን በጥሞና ሰማና ማጭዱን በትከሻው አድርጎ ወደሚቀጥለው መንደር አለፈ። ጌቶቹ ነጻውን ሰው መያዝ ሲያቅታቸው በእጃቸው ባለው ገባር ላይ በረቱ። በሕይወት ያለው ገባር የሞተውን ጎረቤቱን መሬት ጨምሮ እንዲያርስ ተፈረደበት። ኦስበርት ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሦስት ሬሳ ሥራ ተሸከመ። ሃዊዝ ልጇ በለጋነቱ ሲጎብጥ እያየች ሦስት ዓመት ቻለች፤ በአራተኛው ላይ አንጀቷ እምቢ አላት።

ልጁ ኖርዊች ከተማ ገብቶ ሱፍ ማቅለሚያ ቤት ተቀጠረ። ወሬውን የሚያመጣላት አንድ ሱፍ የሚጭን ጋሪ ነጂ ነበር። ይበላል፣ ወፍሯል፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኗል ይላታል። እሷም ማታ ማታ ብቻዋን ሆና ይህን ሰማያዊ እጅ እያሰበች ትስቅ ነበር። ችሎት በተቀመጠ ቁጥር የጌታው ምስለኔ ዋይመንድ የኦስበርትን ስም ያስጠራል፣ ቱርስታን የለም ይላል፣ ሃዊዝ ስለ ልጇ መጥፋት አንዲት ዶሮ ትቀጣለች። ዶሮዎቿ ሲያልቁ ዳክዬ ሰጠች። ቅር አላላትም። በሕይወቷ ደስ ብሏት የኖረችው ዓመት ያ ነው ብል አልዋሸሁም።

ደስታዋ ግን ዕቅድ ወለደ፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚያ ነው። ሃዊዝ ልጇ ነጻ ከወጣ በኋላ ከተማ እንዲቀር አልፈለገችም። ነጻ ሰው ሆኖ ተመልሶ፣ የአባቱን መሬት በገባርነት ሳይሆን በኪራይ ብቻ እንዲይዝ ነው የፈለገችው። እብደት አልነበረም። በዙሪያው ባሉ መንደሮች እንደዚያ ያደረጉ ነበሩ፤ መሬት ጦም ከሚያድር ኪራይ ይሻለኛል ያለ ጌታ ሞልቷል። ቱርስታንም በጆሮዋ ሹክ ብሏታል፤ በዚህ ችሎት ወንድ ካላቀረብሽ ቤቱን ለሌላ ሊሰጡት ነው ብሎ። እናም በጋሪ ነጂው ላከችበት። ዓመቱ ሞልቷል፣ ማግስቱንም ጨምሬልሃለሁ፣ ጰራቅሊጦስ ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ተነስተህ ና፣ ረቡዕ ችሎት አለ፣ አለችው።

በብራምቢ ቀን የሚቆጠረው በበዓል ነው። በግ የሚሸለተው፣ ግብር የሚገባው፣ ሴት የምትወልደው ሁሉ ከዚህ በዓል በፊት ከዚያ በዓል በኋላ እየተባለ ነው። ልጇ የሄደው የጰራቅሊጦስ ማግስት ነው፤ ጰራቅሊጦስ ዞሮ መጥቷል፤ ስለዚህ ዓመት ሞላ። ማን ቢሆን ከዚህ ሌላ ያስባል? ዘንድሮ ፋሲካ ቀድማ ገባች፣ በረዶው ሳይቀልጥ ጾም አስያዙን እያለች ክረምቱን ሙሉ ስታማርር የከረመችው ግን ራሷ ሃዊዝ ነበረች። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

ኦስበርት ረቡዕ ረፋድ ላይ በመንደሩ መሐል መንገድ ደረቱን ነፍቶ ገባ። አዲስ ኮፍያ አድርጓል። ሰዉ እየወጣ ሰማያዊ እጁን እየጨበጠ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ይሞክር ነበር። አንዷ ባልቴት ስታገባ ሙሽራይቱን እንዳታበላሻት ብላ ቀለደችበት። ቱርስታን ብቻ ገና ከሩቁ ሲያየው ፊቱ ተቀያየረ፤ ምን እንደከበደው ግን ለይቶ አላወቀውም። ሃዊዝ ልጇን ቤት እንኳ ሳታስገባ፣ በክንዱ ይዛ በቀጥታ ወደ ችሎቱ ወሰደችው።

ችሎቱ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው። ምስለኔው ዋይመንድ ጸሐፊውን አጠገቡ አስቀምጧል፤ አሥራ ሁለቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ዋይመንድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ሃዊዝ እጅ ነስታ ልጇ ነጻ ሰው መሆኑን፣ የአባቱን መሬት በኪራይ እንደሚፈልግ ተናገረች። ሌሊት ሌሊት ስታጠናው የከረመችው ነገር ስለሆነ አንድም ቃል አልተደናቀፈባትም። ምስለኔው ልጁ ከመንደሩ መቼ እንደወጣ ጠየቀ።

«የጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ጌታዬ» አለች ሃዊዝ ቀና ብላ። «አንድ ዓመት ከአንድ ቀን።»

ዋይመንድ ወደ ጸሐፊው ዞሮ ያምናው ጥቅል ብራና እንዲፈታ አደረገ። ጸሐፊው ጣቱን እያስኬደ ፈለገና አገኘው። የሃዊዝ ልጅ ኦስበርት ከቅዱስ ኦገስቲን በዓል በኋላ በሁለተኛው ቀን ጠፋ ይላል። የኦገስቲን በዓል እንደ ጰራቅሊጦስ ከፋሲካ ጋር ወዲያ ወዲህ አይልም፤ በየዓመቱ ቀኑ አንድ ነው።

«ዘንድሮ ኦገስቲን ገብቷል?» አለ ዋይመንድ፣ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ።

 ኦገስቲን ገና ነበር። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሲገባቸው ይታይ ነበር፤ አንዱ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ መሐል ላይ ተወው፣ ቱርስታን ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ሃዊዝ የገባት ከሁሉም በኋላ ነው። ስለ ቀደመችው ፋሲካ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጾሙ ያለችው ሁሉ ተመልሶ መጣባት።

«አሥራ አምስት ቀን ጎድሎሃል» አለ ዋይመንድ ለኦስበርት። «አሥራ አምስት ቀን ብትታገስ እኔ ራሴ ተነስቼ እቀበልህ ነበር።»

«እሱ ምን ያውቃል፣ ጌታዬ? ና ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ሃዊዝ። «እኔን ያዙኝ።»

«አንቺንማ ድሮም ይዘንሻል» አለ ምስለኔው። ሊያሾፍባት አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

ኦስበርት ያንን ሰማያዊ እጁን ወንጌል ላይ አድርጎ ማለ። አሥራ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዋሱ ሆኑ፤ ዳግም ቢጠፋ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ይሰጣሉ፣ እናቱም ከቤቷ ትወጣለች። የአባቱ መሬት ተሰጠው፤ በገባርነት፣ ከሁለት የሞቱ ጎረቤቶች መሬት ጋር። ቀለሙ ከእጁ እስኪለቅ እስከ መከር ቆየ።

ሃዊዝ ልጇ እንዲሰድባት ጠበቀች። ቢሰድባት፣ ወይም አንድ ቀን ሰክሮ መጥቶ ማሰሮ ቢሰብርባት ይቀላት ነበር። እሱ ግን ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንጨት ይፈልጥላታል፣ ውሃ ይቀዳላታል፣ እሑድ እሑድ በክንዷ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳታል። የዚህ ደግነት ክብደት በየቀኑ ደረቷ ላይ ይቀመጣል። አንድ ክረምት ላይ አላስችል ብሏት ሂድ፣ ቤቱን ይውሰዱት፣ እኔ ለምኜ አድራለሁ አለችው።

«አሥራ ሁለት ሰው በኔ ተይዟል፣ እማ» አላት የአተሩን ሾርባ እየማሰለ። «ደግሞስ ብሄድ ቀኑን ማን ይቆጥርልኛል?»

የተናገረው በለስላሳ ድምፅ ነበር። እሷ ግን ተነስታ ከበጎቹ ጋር ልትተኛ ወጣች። ሚስት አግባ ብትለውም እምቢ አለ። የሚወለደው ለጌታው ነው፤ ለሱ ደግሞ ከራሴ ሌላ የምሰጠው የለኝም አለ።

ሌላው የመንደሩ ሰው ግን እየሄደ ነበር። ዛሬ አንድ ቤት፣ ከመከር በኋላ ሁለት ቤት እየተዘጋ መጣ። ጭቃ ሹሙ ቱርስታን እንኳ አንድ ቅዳሜ ሚስቱንና ድስቱን ጋሪ ላይ ጭኖ ላይመለስ ነጎደ፤ ከዚያ ወዲህ የጠፋውን ሰው ስም ሲጠሩ የለም የሚል እንኳ አልነበረም። ገባሩ ባነሰ ቁጥር ሁዳዱ በአረም ተዋጠ። ስንዴ ይበቅልበት የነበረው፣ የጌታው ግቢ በር ጋ ያለው ማሳ የበግ መዋያ ሆነ፤ በግ ሰው አይፈልግም፣ አንድ እረኛና አንድ ውሻ ይበቃዋል። ችሎቱ በሦስት ሳምንት መቀመጡ ቀርቶ በሦስት ወር ሆነ፤ በመጨረሻ ጨርሶ ቆመ። መንደሩ ምስለኔው ታሞ ነው ብሎ አሰበ። ኦስበርት ሦስቱን ቀን የሁዳዱን ጥግ ማረሱን አላቋረጠም። የማለ ሰው ነው፤ ተው ያለውም የለም።

ከችሎቱ ቀን በስምንተኛው ዓመት ሞቱ ተመልሶ መጣ። የአሁኑ ሽማግሌውን እያለፈ ወጣቱንና ሕፃኑን ይመርጥ ነበር። ኦስበርት ሰኞ ከእርሻ ሲመለስ ብብቴን አመመኝ አለ፤ ሐሙስ ሞተ። ሃዊዝን አልወሰዳትም። በሽታው ቤቷ ገብቶ፣ አጠገቧ ተኝቶ፣ እሷን ዘሎ ሄደ።

ገባር ሲሞት ከከብቶቹ ምርጡ ለጌታው ይነዳል፤ ሥርዓቱ ነው። በቀበረችው ማግስት ሃዊዝ የልጇን በሬ ፈትታ ወደ ጌታው ግቢ ነዳችው። በሬው ቀይ ነው፤ ኦስበርት በእጁ አብልቶ ያሳደገው። ለጌታው ፍቅር ኖሯት አልነበረም። ልጇ ያለበት ነገር ሁሉ እንዲዘጋ፣ ቢያንስ በመቃብሩ ማንም ምንም እንዳይጠይቀው ብላ ነው።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎተራው ጣራ የለውም። ሳማው እስከ ጉልበቷ ደርሷል፤ ደረጃው ላይ በግ ተኝቷል። አንድ የማታውቀው ሽማግሌ እረኛ ከጓዳ ወጥቶ ምን ልርዳሽ እናቴ አላት። ልጄ ሞቶ በሬውን አመጣሁ፣ ምስለኔውን ጥራልኝ አለችው።

ሰውዬው ትንሽ አፈረ። ምስለኔ የሚባል እዚህ የለም አላት። ጌታው እርሻውን ከተወ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ መሬቱን በሙሉ ለአንድ የሱፍ ነጋዴ አከራይቶ ወደ ሌላው ርስቱ ሄዷል። ነጋዴው ገባር አይፈልግም። ቄሱ እንዲነግሯችሁ ታዘው ነበር መሰለኝ፤ ሳይነግሯችሁ በወረርሽኙ ሞቱ።

«በሬሽን ይዘሽ ግቢ፣ እናቴ» አላት። «እዚህ የሚወስድ የለም። ሁላችሁም እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጻ ናችሁ።»

ሃዊዝ ገመዱን እንደያዘች ቆመች። እረኛው ያልሰማችው መስሎት ደገመላት።

«ካልወሰዳችሁት» አለች፣ «ልጄን ማን ነበር የያዘው?»

እረኛው ውሃ ላምጣልሽ፣ አረፍ በይ አላት። እሷ ግን ከበሩ ግንድ ጋ ሄዳ ገመዱን ሁለት ጊዜ ዞር አድርጋ አሰረችው፣ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። በሬው ሳማውን አሽትቶ አንገቱን ወደሷ አዞረ። ሰውዬው እናቴ፣ ይህ እኮ ያንቺ ነው፣ ውሰጂው እያለ ከኋላዋ ሲጣራ፣ ሃዊዝ ዞር ሳትል የበጎቹን መሐል ሰንጥቃ ወረደች።