ጎረቤት እንዳይሰማ

1.

ልጅቷን ታቅፈሽ ትገቢያለሽ። ካለቀሰች አታባብያት፤ ታልቅስ። «ሲስተር አስካለ ባይኖሩ ኖሮ እኔም ልጄም አንኖርም ነበር» ትያለሽ። ከዚያ ዝም ትያለሽ። ዝምታውም የንግግሩ ክፍል ነው። መቼ ወለድሽ ቢሉሽ ቀኑን አታስታውሺውም።

(ለትርንጎ የሰጠኋት መመሪያ ነው። ማንበብ ስለማትችል እስክትሸመድደው ድረስ አነበብኩላት።)

2.

ለማታውቁን። እኔ ኤፍራታ ነኝ። በአዋላጅነት ተመርቄ ሆስፒታል ገባሁ፤ ዓመት ሳይሞላኝ ተሰላችቼ ወጣሁ። አሁን በግል የሚሠሩ አዋላጆች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ከወጣሁ ወዲህ እጄ ከኪቦርድ ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም።

ሲስተር አስካለ የማኅበሩ አባል ናት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ተከራይታ ታዋልዳለች።

ማለትም ታዋልድ ነበር።

3.

የሙያ ኃላፊነት መድን ማመልከቻ

የአመልካች ስም፦ አስካለ ውብሸት
ሙያ፦ አዋላጅ
የአሠሪ ድርጅት ስም፦ የለኝም፤ በራሴ ነው የምሠራው
ውሳኔ፦ ቅጹ በትክክል ስላልተሞላ ተመላሽ ተደርጓል

4.

ነገሩ ይኸው ነው። ፈቃድ ልታሳድሺ ስትሄጂ መድን አምጪ ይሉሻል። መድን ልትገዢ ስትሄጂ አሠሪ አምጪ ይሉሻል። ይህን ለመረዳት ከሁለት ደቂቃ በላይ ከፈጀባችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መሆን ትችላላችሁ።

አንድ ረቂቅ መመሪያ ነበር። አንቀጽ ዘጠኙ በግል የሚሠሩ አዋላጆች በራሳቸው ስም መድን እንዲገዙ ይፈቅዳል። እስኪጸድቅ ድረስ ፈቃዱ ያለፈበት አባል ሁሉ ሥራ ያቁም አልን፤ አንዷ ከተያዘች ረቂቁ ይሞታል። ሁሉም ፈረሙ። ፈቃዷ ያለፈባት አስካለም ፈረመች።

5.

ከዚያ ትርንጎ መጣች።

ምጧ የያዛት አስፋልቱ ተቆፍሮ መኪና በማይገባበት ሳምንት ነበር። እናቷ ደግፋ አስካለ በር ላይ አደረሰቻት። ሴት ልጅ ተወለደች። እንግዴ ልጁ ዘገየ፤ ደም በረታባት። አስካለ አተረፈቻት።

በረቂቁ ላይ ለተጠራው የውይይት መድረክ ምስክር እንድትሆን ለምን እሷን መረጥሽ ትሉኝ ይሆናል። የአንዷ ባል አልፈቀደም። ሌላዋ ወፍሬያለሁ፣ ካሜራ ፊት አልቆምም አለች። ትርንጎ እሺ አለች።

6.

ከውይይት መድረኩ የድምፅ ቅጂ የተገለበጠ

ትርንጎ፦ ሲስተር አስካለ ባይኖሩ ኖሮ እኔም ልጄም አንኖርም ነበር።

(ዝምታ። እንዳዘዝኳት።)

ሰብሳቢው አቶ ልዑልሰገድ (ረቂቁን የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ)፦ ያሳድግልሽ። ቅሬታስ የለሽም? ቅሬታ የሌለው ሰው የለም፤ እኔ እንኳ በዚህ ወንበር ላይ አለኝ። (ሳቅ)

ትርንጎ፦ ኧረ ምንም የለኝም ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ…

እኔ፦ ጨርሳለች፣ ክቡር ሰብሳቢ።

ሰብሳቢው፦ አልጨረሰችም። ቀጥዪ እናቴ።

ትርንጎ፦ እልልታ አልተባለላትም። የመጀመሪያ ልጄ ናት። ባገራችን ለሴት ሦስት ነው፤ እሱንም ከለከሏት። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሲስተር በእጃቸው ከደኑባት። ልጄ እንደ ሌባ ተደብቃ ገባች።

ሰብሳቢው፦ ለምን ከለከሏችሁ?

ትርንጎ፦ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ሰብሳቢው፦ ቢሰማ ምን አለበት?

ትርንጎ፦ ፈቃዳቸው አልፎባቸው የለም እንዴ? እኛስ የመጣነው ለዚሁ አይደል?

(ዝምታ። ይሄኛውን እኔ አላዘዝኩም።)

የሆስፒታሎች ተወካይ፣ ዶክተር፦ እንግዲህ መድን ይፈቀድላቸው የሚባለው ለእነዚህ ነው። የልጁን አፍ ማጽዳት ትተው የአያቲቱን አፍ ለሚይዙ።

(ሳቅ)

7.

ረጅም።

ሳቁ ማለቴ ነው። በቅጂው ላይ አንድ ቃል ሆኖ ስለታየ እንዳትሸወዱ።

8.

ኮሪደር ላይ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች ትርንጎ።

«ከነገርኩሽ ውጪ ዝም በዪ አላልኩሽም?»

«ቀኑን ነው ያስደበቅሽኝ። ስለ እልልታው መቼ ዝም በዪ አልሽኝ?»

አስካለ ልጅቷን ተቀበለቻትና ዓይኗን በጣቷ ገልጣ አየቻት። «ቢጫነቷ ለቋታል» አለች። ትርንጎ ማልቀስ ስትጀምር እኔ ታክሲ ያዝኩ።

9.

አቶ ልዑልሰገድ በማግስቱ ቢሮው ጠራኝ።

«አንቀጽ ዘጠኝን አሳልፍላችኋለሁ» አለ። «ግን ጋዜጠኞች ነበሩ። ያንን ሰምቼ እንዳልሰማ ማለፍ አልችልም። አንዲት መስመር ትጨመር።»

«ምን የምትል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ የኔ እህት። አማርኛሽ ጥሩ ነው ይሉኛል።»

እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩት፦

«ፈቃዱ ሳይታደስ ሲያዋልድ የተገኘ ባለሙያ በዚህ አንቀጽ ተጠቃሚ አይሆንም። ድርጊቱን ከደገመ በእስራት ይቀጣል። ማኅበሩም ድርጊቱን ባወቀ ጊዜ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።»

አንዲት ቃል አልሰረዝኩም።¹

¹ ስልሳ ሁለት አባላት አሉን። ስልሳ አንዱ መድን አገኙ። እናንተ ወንበሬ ላይ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አትንገሩኝ። አልነበራችሁም።

10.

መመሪያው ጸደቀ፤ በዓል አደረግን። ኬክ ተቆረሰ። አስካለም መጥታ ነበር፤ ማን እንደጠራት አላውቅም። ፎቶ ሊነሱ ሲደረደሩ የማኅበራችን ፕሬዚዳንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እሷ እንዳትገባ» አለችኝ። ካሜራውን ለአስካለ ሰጠኋት።

አነሳችን። ሁላችንም በትክክል ገብተናል።

11.

እሑድ ከሰዓት የምስጋና ወረቀት ይዤላት ሄድኩ። ማኅበሩ በፍሬም አሠርቶላታል።

«መስመሩን ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ያስታውቃል። ማምለጫ የለውም።» ፍሬሙን በግምባሩ ደፍታ ማዋለጃ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። «ሻይ ላፍላልሽ?»

«እቸኩላለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ መቼ የማትቸኩይበት ቀን አለ?»

በሩ ተደበደበ።

«ሲስተር! ሲስተር አስካለ! የላይ ቤቱ ዳምጤ ነኝ! ባለቤቴን ይዣት ወርጃለሁ! የልጁ እግር ነው የወጣው፣ እግሩ!»

«አምቡላንስ ጥራ!» አለች አስካለ በተዘጋው በር።

«መንገድ ላይ ነን አሉኝ! መንገድ ላይ ነን ካሉ ቆዩ!»

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። «መድን ካላቸው ቅርቧ የት ናት?»

«ሳሪስ። በመኪና ግማሽ ሰዓት።»

ከበሩ ወዲያ ሴትየዋ ጮኸች። አስካለ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ጓንቱን አንስታ አላጠለቀችውም። የበሩን እጀታ በክርኗ ተደግፋ ቆመች።

12.

አስካለ፦ ብከፍት ታሳውቂያለሽ። አንቺው ነሽ የጻፍሽው።

እኔ፦ አዎ።

ዳምጤ፦ ሲስተር! በፈጠረሽ!

አስካለ፦ እንግዲያው አንቺው ንገሪኝ። ልክፈት?

እኔ፦