ከስንዝር የማያልፍ መልእክት

እኔና ባሌ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሬዲዮ እንጠግናለን። ብየዳሽ የጀማሪ ነው ስላለኝ አኩርፌ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ወሰድኩ። በአራተኛው ቀን ከመዳብ ሽቦ ሁለት ጥቅልሎች ሠርቶ እያንዳንዳቸውን ከትንሽ ስክሪንና ከመጻፊያ ቁልፎች ጋር አገናኘ፤ በአንደኛው የተላከ ጽሑፍ ያለ ገመድ በሌላኛው ስክሪን ላይ ይወጣል። አንዱን ፊቴ አስቀምጦ ወደ ቦታው ተመለሰና ጻፈ። ምንም አልመጣም። ሰውዬው ቢያናድደኝም፣ አልሠራ ያለ ዕቃ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ጥቅልሌን ይዤ ተጠጋሁ፤ አሁንም ባዶ ነው። ትከሻችን ሲነካካ «ብየዳሽ ከኔ ይበልጣል» የሚል ወጣ።

«አንተ፣ የሽቦውን ዙር ብትጨምርለት እኮ እዚያው ይደርሰኝ ነበር» አልኩት።

«ይደርስ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ግማሹን ዛሬ ጠዋት ነው የፈታሁት።»